ዳፍንት የሚባለው አውሬ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ አውሬ ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ነብር አይፈራም፤ ነብር ከድንኳኑ ጀርባ ሲያጓራ ሻዩን ሳያቋርጥ ጠጥቶ እንደጨረሰ ጋሼ መኳንንት ምለው ነግረውኛል። ጎሽም አይፈራም። የሚፈራው ዳፍንትን ነው።

ይህንን ያወቅሁት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ የወጥ ቤቱን በር ተጠግቼ ነው። ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት አባቴ ማን እንደነበር ልንገራችሁ።

አባቴ ታመነ አዳኝ ነበር። ኬንያ ውስጥ አደን ክልክል ስለሆነ ሥራው ኢትዮጵያ ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ይዞ ባሌ ተራሮች ላይ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ይወጣል። ፈቃዱን፣ ድንኳኑን፣ በቅሎውን አዲስ አበባ ያሉት ሸሪኩ ጋሼ መኳንንት ያሰናዳሉ፤ ተራራው የእሱ ድርሻ ነው። እናቴ የሺወርቅ ጊጊሪ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጥራ ስለነበር ኑሯችን ናይሮቢ ሆነ። ስለዚህ አባቴ በአደን ወራት ይጠፋል፤ በቀረው ጊዜ ግን ከክፍሌ ልጆች አባቶች ሁሉ የበለጠ ቤት የሚውል እሱ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚያሳፍረኝ እሱ፣ ምሳ ዕቃዬን የሚሞላው እሱ፣ ጸጉሬን የሚጎነጉነው እሱ። ሲጎነጉን እንደ በቅሎ ጭነት ጠበቅ አድርጎ ስለሆነ እስከ ዓርብ ድረስ አይፈታም።

የአባቴ ቀንደኛ ጠላት ክብደት ነበር። ለጉዞ የሚይዘውን ዕቃ በሙሉ እናቴ ኬክ በምትለካበት ሚዛን ላይ እያስቀመጠ ይመዝናል። የሻንጣውን ትርፍ ማንገቻ ይቆርጣል። አንድ ዓመት የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆርጦ ጥሎት፣ በቀረችው ጉርድ አፉን ሲፈገፍግ እናቴ አየችውና፣ «ሰውዬው፣ እንደው ጥርስህንም ነቅለህ ብትሄድ ይቀልሃል» አለችው። በተለይ የግንባር ባትሪ ላይ ድርድር አያውቅም። ጎህ ሳይቀድ ሲወጡ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሲወርዱ ግንባሩ ላይ የሚያስራት መብራት ከሁሉ የቀለለች መሆን አለባት። «ግንባር ላይ ያለ ሸክም ዕዳው የአንገት ነው» ይላል።

በዚያ ዓመት ከባሌ ሲመለስ ግራ እጁ በጀሶ ታስሮ ነበር።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«በቅሎዋ ገፋችኝ።»

«ስሟ ማነው?»

ጥቂት አሰበና፣ «ዳመና» አለኝ።

ዳመናን እንደ ሰው ጠመድኳት። ማታ ማታ ስንጸልይ እናቴ ለሁሉም ሰው ምሕረት ስትለምን እኔ በልቤ ዳመናን አስቀር ነበር። ዳመና የምትባል በቅሎ እንዳልተፈጠረች የተረዳሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። አባቴ በየዓመቱ በሚወርድባት ቁልቁለት ላይ፣ ፀሐይ ጥልቅ ስትል፣ ከእግሩ ሥር ያለው መንገድ ጠፍቶበት ነበር የወደቀው። ለእኔ በቅሎዋን፣ ለጋሼ መኳንንት ደግሞ አንሸራታች ጠጠር ፈጠረልን።

ጀሶው እንደተፈታ ዌስትላንድስ ይዞኝ ሄደ። እዚያ አንድ የገበያ ማዕከል ምድር ቤት ሳፊያ የምትባል የሞምባሳ ሴት የካምፕ ዕቃ ትሸጣለች። አባቴ የቆየ ደንበኛዋ ነው፤ ገና በሩ ላይ ስታየው «ካሪቡ ምዜ!»፣ እንኳን ደህና መጣህ ሽማግሌው፣ ብላ ከመደርደሪያው ሥር የደበቀችለትን ታወጣለታለች።

«ይቺን ያዛት» አለችው በዚያን ቀን፣ ክብ ነገር መዳፉ ላይ አስቀምጣ። «ከነባትሪዋ እንቁላል አታህልም።»

መብራቷን ግንባሬ ላይ አሰረልኝ። ምንም ያሰርኩ አልመሰለኝም። እኔ ደግሞ ከብርሃኗ ይልቅ የገረመኝ ድንጋዩ ነው። አባቴ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ «ድንጋይ» ይለዋል፤ ናይሮቢ ያደገ ልጅን አማርኛ በእንዲህ ያለ ነገር ታታልላለች። «ቀላል ድንጋይ ምረጪልኝ» ሲል ስሰማ ለረጅም ጊዜ የእውነት የሚንሳፈፍ ድንጋይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

«ብርሃኗ እስከ ምን ይደርሳል?» አላት ሳፊያን።

«ላንተ የሚበቃ ነዋ። አዳኝ ብዙ ብርሃን አያስፈልገውም፣ ዓይን ጨለማውን ይልመድ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም?»

አባቴ ፈገግ አለ። «ትልቋን አሳይኝ።»

ሳፊያ መሰላል ላይ ወጥታ አንድ ትልቅ ካርቶን አወረደች። ውስጡ ያለው መብራት ከኋላ በኩል የድንጋይ ሳጥን፣ በአናት ላይ የሚያልፍ ሽቦ አለው። ሳስረው አንገቴ ወደ ኋላ ተቀለሰ።

«አባዬ፣ ከባድ ነው!»

«እንግዳው ሽማግሌ ነው፤ ለእሱ እንዲያበራለት ነው» አለ ለእኔም ለሳፊያም። ከዚያ መብራቱ የሚበላውን ድንጋይ በፌስታል ሞልቶ ገዛ።

መኪና ውስጥ ሆነን፣ የዌስትላንድስ መንገድ ተዘግቶ ስንጠብቅ፣ ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

«ዕዳው የአንገት ነው አላልክም?»

«ዘንድሮ አንገቴ ወፍሯል» አለ፣ ከፊት ከቆመው የማታቱ ታክሲ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል።

ጨዋታው የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ከፎቃችን ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ለመዘምራን ልምምድ ስትሄድ አባቴ ጥበቃውን ለምኖ የማቆሚያውን መብራት ያስጠፋል። እኔ በመኪኖቹ መካከል እቆማለሁ። መደበቅ የለም።

«እንደ አጋዘን ነው የምትቆሚው» ብሎኛል። «አጋዘን አይደበቅም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። እኔ ግድግዳው ጋ ሳልደርስ ካገኘሁሽ አሸነፍኩ።»

መብራቱን ግንባሩ ላይ አብርቶ ይመጣል። ብርሃኑ መሬቱ ላይ ክብ ሠርቶ ከፊቱ ይሄዳል። እኔ ከክቡ ትንሽ ወጣ ብዬ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። ጎማ ይሸታል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። አባቴ «ሚሊ፣ ዛሬስ የት ገባሽ?» እያለ አጠገቤ ያልፋል። አንዳንዴ ጉልበቱ ከመኪና መከላከያ ጋር ይጋጭና፣ «ይህን ደግሞ ማን እዚህ አቆመው» ይላል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ከኋላው ሮጬ ወገቡ ላይ እጠመጠማለሁ። አንድም ቀን ተሸንፌ አላውቅም።

ከተሸነፈ በኋላ መብራቱን ይወቅሳል። «ይሄ ጨረሩ ጠባብ ነው» ይልና በሳምንቱ ሳፊያ ጋ ሄደን ሌላ እንገዛለን። ሰፊ ጨረር ያለው መጣ። ሁለት ዓይን ያለው መጣ። እያንዳንዱ ከፊተኛው ይከብዳል። ሳፊያ ካርቶኑ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ማንበብ ትታ፣ ዝም ብላ እያወረደች ትሰጠው ጀመር።

በክፍሌ ሀጀራ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አባቷ ካርታ ሲጫወቱ ሆን ብሎ እንደሚሸነፍላት ነግራኝ ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ ነቃሁበት።

«አባዬ፣ እያወቅህ ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«እያየኸኝ እንዳላየ የምትሆነው። እንዳሸንፍ ብለህ።»

መብራቱን አጠፋ። በጨለማው ውስጥ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ እጁ ፈልጎ ፈልጎ ጉንጬን አገኘው።

«ደረስሽብኝ» አለ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! አባቴ ለእኔ ሲል መሸነፍ የሚወድ ሰው ነው ብዬ ለሀጀራ ነገርኳት። ስለ ሰውየው አልተሳሳትኩም። ስለ ጨዋታው ግን ተሳስቻለሁ፤ አንድም ቀን እያየኝ አላለፈም።

አንድ ቅዳሜ የመዘምራኑ ልምምድ ቀርቶ እናቴ ቶሎ ተመለሰች። እኛን ፍለጋ ወደ ታች ስትወርድ ያገኘችው ጨለማና እኔን ነው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። ገባትና ፈገግ ብላ ምሰሶው አጠገብ ቆመች። አባቴ ከዚያኛው ጫፍ መብራቱን ይዞ መጣ። ብርሃኑ በእሷና በእኔ መካከል አለፈ። እሱም አለፈ፤ ክርኑ የቀሚሷን እጅጌ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

እኔ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ሳቄን እታገላለሁ። እናቴ ፍርስ ብላ ስትስቅ እጠብቃለሁ። አልሳቀችም። በብርሃኑ ጠርዝ ፊቷን አየሁት፤ ፈገግታው እዚያው እንዳለ ነው፣ ግን የረሳችው ይመስላል። አባቴ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ጠበቀች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ጫማዋን እያንኳኳች ተመልሳ ወረደች።

«እዚህ ናችሁ እንዴ? ስፈልጋችሁ!» አለች፣ ገና አሁን እንደመጣች ሁሉ።

«እማዬ ግን ቅድም…» ማለት ስጀምር እጄን ይዛ ጠበቅ አደረገችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ልጫወት» አለች። የመዘምራን ቢጫ ሹራቧን ለብሳ መጣች። ለጨለማ ጨዋታ ቢጫ! ምሰሶው አጠገብ ቆማ፣ አባቴ ሲጠጋ ቁልፏን አንቃጨለች። ሳለች። ደግማ ሳለች።

«እማዬ፣ አትችዪበትም!» ብዬ ጮህኩ። «አጋዘን አይስልም!»

«ይቺ አጋዘን ጉንፋን ይዟታል» አለች።

አባቴ ወደ ሳሉ ዞረ። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ትከሻዋን ያዘ። «አገኘሁሽ» አላት። የግንባሩ ብርሃን ቢጫውን ሹራብ እያበራ እንደዚያ ቆመው ቀሩ። እኔ ተራዬ እንዲደርስ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ማንም አልጠራኝም። በዚያች ደቂቃ እናቴ እንዳወቀች አባቴ ማወቁን፣ አሁን ሳስበው ነው የሚገባኝ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ውሃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቧንቧው ተከፍቷል። በውሃው ድምፅ መካከል የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ዳፍንት ነው፣ ታመነ?»

«ዳፍንት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አባቴንም ሲይዘው እንደዚህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ሲመሽ ብቻ ነው የሚመጣው። ኋላ በቀንም መጣበት።»

«መቼ አወቅህ?»

«ጀሶውን ያሰረልኝ ሐኪም ነው ወደ ሌላ የላከኝ።»

እናቴ ሳህን አስቀመጠች። «ሚልካስ?»

«የሺ…»

«ሚልካንም ይይዛታል ወይ ነው የምልህ?»

«ሊይዛት ይችላል። በዘር የሚሄድ ነው።»

ቧንቧው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ስለነበር የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። «መኳንንት ያውቃል?» አለች። «ይቺን አንዲት ወቅት ልጨርስና…» አለ እሱ። «ሰው አስከትለህ ገደል ልትገባ?» አለችው።

ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ። አባቴ የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ነበረው፤ በዚያ ላይ ደፈርሳ የሚባል ባለ ረጅም ቀንድ እንስሳ አይቻለሁ። ዳፍንት የደፈርሳ ክፉ ወንድም መሆን አለበት። ሲመሽ ይወጣል፣ ሲለምድ በቀንም ይመጣል። «በዘር የሚሄድ» ማለት ደግሞ አንድ ቤተሰብ መርጦ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚያድን ማለት ነው። አያቴን ይዟል። አሁን አባቴን እያደነ ነው። ቀጥሎ እኔ ነኝ። አባቴ ለምን ትልልቅ መብራት እንደሚገዛ ወዲያው ገባኝ፤ አዳኙን የሚያድን አውሬ ከሩቅ ለማየት ነው።

ዳፍንት፣ ጨለማ ላይ ማየት የሚያሳጣ የዓይን ሕመም መሆኑን እናቴ አጠገቧ አስቀምጣ የነገረችኝ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የአባቴ ደግሞ ከተለመደው የከፋ፣ መጀመሪያ ምሽቱን፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩን፣ ቀስ እያለ ቀኑንም የሚወስድ ዓይነት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን አውሬው ከነቀንዱ ነበር የሚታየኝ። ያንኑ ሰሞን ትልቁን መብራት ግንባሬ ላይ አስሬ፣ አብርቼ መተኛት ጀመርኩ። ጠዋት አባቴ ሊቀሰቅሰኝ ሲመጣ ድንጋዩ አልቆ፣ ግንባሬ ላይ የማሰሪያው ምልክት ታትሞ ያገኘኛል። አይቆጣኝም። ምልክቱን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አዲስ ድንጋይ ይከትልኛል።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዱኝ። ጠብታ አደረጉብኝ። ጨለማ ክፍል አስቀምጠው አገጬን የብረት ማረፊያ ላይ አስደግፈው፣ «ከየትም በኩል ብልጭ ሲል ካየሽ ይህን ቁልፍ ተጫኚ» አሉኝ። ዳፍንት ሲመጣ ማየት እችል እንደሆን ሊፈትኑኝ ነው ብዬ ስላሰብኩ ነፍሴን ሰጥቼ ሠራሁ። ከላይ ብልጭ ሲል ተጫንኩ። ከዳር ብልጭ ሲል ተጫንኩ። ሐኪሟ ብዙ ወረቀት አገላብጣ እናቴንና አባቴን በእንግሊዝኛ አነጋገረቻቸው። «ንጹሕ ነው፤ እስካሁን ምንም የለባትም» የሚለው ገባኝ።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ቦርሳዋን ይዞላት፣ ምን እንደሚያደርግበት ሳያውቅ ቆመ። እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ መነጽር ሳይታዘዝልኝ ቀርቶ ነው። ሀጀራ ሮዝ መነጽር ስላላት ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ እናቴ ታውቃለች።

«ፖሌ፣ አይዞሽ እማዬ» አልኳት፣ ቀሚሷን ይዤ። «እኔ እኮ ግድ የለኝም። ያለ መነጽርም ይሆናል።»

ለቅሶዋ ወደ ሳቅ ተለወጠና እዚያው ተቀምጣ አቀፈችኝ። ትምህርት ቤት እስክጨርስ ድረስ በየዓመቱ እዚያ ክፍል እየወሰዱኝ፣ በየዓመቱ ያንን ቁልፍ ተጭኛለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።

የአደኑ ወቅት ሊገባ ሲል ጋሼ መኳንንት ከአዲስ አበባ መጡ። አብሯቸው ሚናስ የሚባል ገና ፈቃድ ያገኘ ወጣት አዳኝ ነበር፤ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚናገር፣ ጸጉሩ እንደ ጎፈር የቆመ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤታችን ምሳ ተበላ። ጋሼ መኳንንት ድምፃቸው ትልቅ ስለሆነ ቤቱ ይሞላል።

«ታሜ፣ የዘንድሮው እንግዳ እልኸኛ ነው» አሉ። «ያንን ሽማግሌ አጋዘን ነው የምፈልገው ብሏል፤ ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ያለውን። ጎህ ሳይቀድ መውጣት፣ ከመሸ መውረድ ነው። ያንን መንገድ ካንተ በቀር የምሰጠው ሰው የለኝም።»

«ችግር የለም» አለ አባቴ። ሻንጣው ከትናንት ጀምሮ በሩ አጠገብ ተዘጋጅቶ ቆሟል። እናቴ አትበላም፤ እንጀራውን ትቆራርሳለች እንጂ ወደ አፏ የሚሄድ የለም።

ከመሸ መውረድ። እጄን ከመሶቡ ላይ አነሣሁ።

«ጋሼ መኳንንት» አልኩ።

«አቤት፣ የኔ ልጅ።»

«አባዬን እንዳይወስዱብኝ።»

«ለምን? ናፍቆት ነው?»

«ዳፍንት ይይዘዋል። አያቴንም የያዘው እሱ ነው። ሲመሽ ነው የሚመጣው፤ በኋላ ደግሞ በቀንም ይመጣል። አባዬ መብራት እየገዛ ነው፣ ግን መብራቱ ሁሉ እምቢ አለ።»

ሚናስ የልጅ ጨዋታ መስሎት ፈገግ አለ። ጋሼ መኳንንት ግን የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀረ። አባቴን አዩት። ከዚያ ግራ እጁን አዩት።

«ታሜ፣ ያ ጠጠር…»

«ጠጠር አልነበረም» አለ አባቴ።

«በቅሎ ናት፤ ዳመና» አልኩ እኔ። ማንም አልሰማኝም።

ጋሼ መኳንንት ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሰው ተነሡ። በረንዳው ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ያ ትልቅ ትከሻ አንዴ ከፍ ብሎ ወረደ። ሚናስ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጥቶ ጣሪያውን ያያል። አባቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ ዞረና ጭኑ ላይ አስቀመጠኝ። ለእንዲያ ያለ ነገር ትልቅ ልጅ ነበርኩ፤ እግሬ መሬት ይነካል።

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

«ለማን? ላንቺ?»

«ላንተ። አትሂድ።»

ዓይኑ በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ሻንጣ ሄደ። እናቴ መተንፈስ ያቆመች ይመስለኛል። ለእሷ ያልመለሰላትን መልስ ነበር የምትጠብቀው።

«እሺ» አለኝ። «አልሄድም።»

ጋሼ መኳንንት ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አባቴ አጠገብ ተቀመጡና፣ «ማንን ልላክ ታዲያ?» አሉት፣ በዚያ ትልቅ ድምፃቸው ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው። አባቴ በአገጩ ወደ ሚናስ አመለከተ።

«እኔ? ብቻዬን?» አለ ሚናስ።

«ዱካ መሪው አለ» አለው አባቴ። «መንገዱን ደግሞ እያንዳንዷን ድንጋይ እነግርሃለሁ። ነገ መጀመሪያ ግን መብራት እንገዛለን።»

በማግስቱ ትልልቆቹን መብራቶች ተሸክመን ሳፊያ ጋ ሄድን። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸውና፣ «አልሆኑኝም» አላት። «አሁን ለዚህ ልጅ በትክክል እንመርጣለን።»

ሳፊያ የሚናስን ጸጉር አየች። «ለዚህማ ረጅም ማሰሪያ ያስፈልጋል» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ለወራት ያላየሁት አባቴ ያን ቀን ነው የተመለሰው። ትንንሾቹን ብቻ አስወጣ። አንዷን አንስቶ ሚናስ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ዓይንህን ጨፍን። ማብሪያዋን ፈልጋት። እንዲያ አይደለም፣ ጓንትህን አድርግ። በውርጭ ጣትህ አይታዘዝህም።»

ሚናስ ዳበሰ። ነጩ መብራት ቦግ አለ።

«ይቺ አትሆንም» አለ አባቴ። «ቀይዋ ብርሃን በነጯ ሳታልፍ፣ ቀድማ መብራት አለባት። ነጩ አንዴ ቦግ ካለብህ ዓይንህ ጨለማውን እንደገና እስኪለምድ ባለህበት ትቆማለህ። አጋዘኑም ያይሃል። ሌላ።»

ሌላዋ ቀይዋ ቀድማ ትበራለች፤ ቦርሳ ውስጥ በራሷ እንዳትበራም መቆለፊያ አላት። መብራቷ አንገት ላይ ያለችውን መገጣጠሚያ ጆሮው ላይ አስጠግቶ እያጠፈ አዳመጣት፤ የላላ ነገር ካለ ይሰማል አለ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ዞረ።

«ተራውን አትያዝ፤ ብርድ ላይ ይተኛብሃል፤ ጠዋት አይነሣም። ቻርጅ የሚደረገው ለከተማ ጥሩ ነው፤ ተራራ ላይ የት ትሰካዋለህ? ሊቲየሙን ነው የምትይዘው። ውርጩን ይችላል፣ ክብደቱም ሲሶ ያህል ይቀንሳል። ትርፉን ሻንጣ ውስጥ አትጣለው፤ ከሸሚዝህ ሥር፣ ገላህ ያሙቀው።»

«እሺ ጋሽዬ።»

«ደግሞ ካልቸገረህ አታብራት። ዓይንህን እመነው። ጥሩ ዓይን አለህ።»

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ሚናስ ነው አንገቱን የደፋው። እኔ በበኩሌ ቀንቼ ነበር። ለእኔ ያን ሁሉ ነገር አስተምሮኝ አያውቅም። ሳፊያ ዕቃውን ጠቅልላ፣ «ላንተስ ምዜ?» ስትለው፣ «ለእኔ የቤት አምፖል ይበቃኛል» አላት። የመለሰላትን መብራት ሁሉ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ተቀበለችው።

ከመለያየታቸው በፊት አባቴና ሚናስ ሳሎን ምንጣፉ ላይ በትራስና በመጽሐፍ የባሌን ተራራ ሠርተው ነበር። አባቴ በጣቱ እየሄደ «እዚህ ጋ በግራ ያዝ፤ እዚህ ጋ እንግዳውን አሳርፈው» ይላል። ሚናስ ሻንጣውን ሲያነሣ ተከትዬው ሊፍቱ ድረስ ሄድኩ።

«ሲመሽ ተጠንቀቅ» አልኩት በጆሮው። «አንተ ዘመዳችን አይደለህም፤ ግን አይታወቅም።»

አልሳቀብኝም። «እሺ እህቴ» አለኝ። ያን ሽማግሌ አጋዘን አላገኙትም፤ ግን ሁሉም በሰላም ወረዱ። ሚናስ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ከመውጣቱ በፊት ከአዲስ አበባ ደውሎ አባቴን መንገድ ይጠይቀዋል። መንገዱን ከእሱ የበለጠ እንደሚያውቀው ሁለቱም ያውቃሉ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ባሌን አላየም። አሁን ዓለምን የሚያየው በሸምበቆ ቀዳዳ የሚያዩ ያህል ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ ክብ ብቻ። እናቴ ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ አሁንም ሳል ሳል ታደርጋለች፤ የት እንዳለች እንዲያውቅ። እኔ እሑድ እሑድ ኪሌሌሽዋ እሄድና ክንዴን ሰጥቼው በዛፎቹ ሥር እንዞራለን።

ባለፈው እሑድ ይህንን እየጻፍኩ እንደሆነ ነገርኩት። ስለ በቅሎዋ ስነግረው ቆሞ ሳቀ። ስለ መኪና ማቆሚያው ስነግረው አልሳቀም፤ ክንዴን ጠበቅ አደረገው። ስለ ቀንዳሙ ዳፍንትና ስለ ደፈርሳ ስነግረው፣ «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ! ሥዕሉን ትሥዪልኝና ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር» አለኝ።

«ሌላም አለ» አልኩት። «የቀረኸው እኔ አትሂድ ስላልኩህ ይመስለኝ ነበር። ሀጀራ ላይ ስንት ዓመት ፎክሬባታለሁ፤ አባቴ እኔ ስላልኩት አደን ተወ እያልኩ። እሱንም ማስተካከል አለብኝ።»

እርምጃውን አቆመ። ፊቱን አዙሮ በዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ እስኪያገኘኝ ጠበቅሁት።

«እሱን ለምን ታስተካክዪዋለሽ?»

«በዓይንህ ምክንያት ነዋ የቀረኸው።»

«በዓይኔማ ቢሆን እሄድ ነበር» አለ። «ሐኪሙ ነግሮኛል፣ የሺ ለምናኛለች፣ እጄን ሰብሬያለሁ። ሻንጣዬ ግን በሩ ላይ ነበር። ልሄድ ነበር፣ ሚሊ። አንቺ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ አትሂድ ስትዪኝ ነው የቀረሁት።»

አንድ የቦዳ ቦዳ ሞተር ሳይክል እየጮኸ አለፈ። እስኪርቅ ጠበቀ።

«ሌላውን እንደፈለግሽ አርሚው» አለኝ። «እሱን ግን እንዳለ ጻፊው።»

ክንዴን ያዘና መንገዱን ተሻገርን።